ምን ምን ይላል?

ፒፓን የሚያበላሸው እርጥበት ነው። ትምባሆ ሲነድ ቅጠሉ ውስጥ የነበረው ውሃ ይተናል፤ ቃጠሎው ራሱም ውሃ ይፈጥራል። ይህ ትኩስ እንፋሎት ትምባሆው ከሚሞላበት ራስ ተነስቶ፣ በጠባቡ የእንጨት አንገት አልፎ፣ ጥርስ እስከሚነክሰው ጥቁር ጭራ ድረስ ሲጓዝ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የቀዘቀዘ እንፋሎት ያው ጤዛ ነው። ጤዛው ከቅጥራንና ከአመድ ጋር ተቀላቅሎ፣ አንገቱና ጭራው የሚገጣጠሙባት ክፍተት ውስጥ ይጠራቀማል። እዚያ ሲከርም ይኮመጥጣል፣ ይመራል። አጫሹ «ጣዕሙ ተበላሸብኝ» ብሎ ትምባሆውን ይወቅሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው የትንሽ ጣት ጥፍር በማታክል በዚህች ክፍተት ነው።

እኔ አላጨስም። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው። ስለ ፒፓ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት በአባባ፣ በእናቴ አባት ምክንያት ነው። አባባ ድሬዳዋ፣ ድሬዎች «ሽመንደፈር» በሚሉት የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ የዲዝል ሞተር መካኒክ ሆነው ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ፒፓዋን የሰጣቸው አገሩ ሊገባ የተነሳ አንድ ፈረንሳዊ አለቃቸው ነው። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ከእጃቸው አልተለየችም። አሁን 84 ዓመታቸው ነው፤ አዲስ አበባ፣ እኛ ጋ ነው የሚኖሩት።

ከሁለት ዓመት በፊት ሳንባቸው አልችል አለ። ሐኪሙ ብዙ አላወራም፤ «ወይ ትምባሆው ወይ እርስዎ» አላቸው። አባባም በዚያው ቀን ተዉት። ትምባሆውን ተዉ እንጂ ፒፓዋን አልተዉም። ዜና ሲሰሙ፣ ጋዜጣ ሲያነቡ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ባዶዋን አፋቸው ላይ ያደርጓታል፤ ሳብ ያደርጓታል፤ መልሰው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጧታል። እናቴ ደግሞ ማታ ማታ ሳላቸውን የምትሰማው እሷ ናትና ፒፓዋን ባየች ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። አንድ ቀን ቁርጡን ተናገረች፦ «አባዬ፣ ትምባሆ ትምባሆ እስከሸተተች ድረስ ከዚህ ቤት ትውጣ!» አባባ እኔን አዩኝ። «ታዲያ እንዳትሸት ማድረግ ነዋ» አሉ። ሥራው በዚህ መልክ እኔ ላይ ወደቀ።

እናቴ ልክ ነበረች፤ ይህን መካድ አይቻልም። ትምባሆ ለተወ ሰው ሽታው ብቻውን አምሮቱን ይቀሰቅሳል። ደግሞም የፒፓ ጽዳት ትምባሆን ጤናማ አያደርግም። የነጣ ፒፓም ሆነ የቆሸሸ ፒፓ፣ ጭስ እስካለበት ድረስ የከንፈር፣ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ያመጣል። እኔ የማወራው ስለ ዕቃው ነው። ዕቃውን ከትምባሆው መለየት ይቻላል ወይ? የቤታችን ጥያቄ ይህ ነበር።

አባባ መጀመሪያ ያስተማሩኝ የዘወትሩን ጥንቃቄ ነው። ፒፓ ትኩስ እያለ አይፈታም። እንጨቱ በሙቀትና በእርጥበት አብጦ ጭራውን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ የዚያን ጊዜ የሚጎትት ሰው ወይ አንገቱን ይሰነጥቃል፣ ወይ መጋጠሚያውን ያላላዋል። ከበረደ በኋላ አመዱ ይደፋል፤ ድንጋይ ላይ አይቀጠቀጥም። ቀጥሎ ጥጥ የለበሰ ቀጭን ሽቦ ከጭራው እስከ ራሱ ይሰደድና እርጥበቱን ጠጥቶ ይወጣል። ከዚያ ጭራው እየተሽከረከረ ይፈታል እንጂ አይወዘወዝም። በመጨረሻም ፒፓዋ ቢያንስ አንድ ቀን ታርፋለች፣ እንጨቱ የጠጣው ውሃ እስኪወጣለት። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ከአንድ በላይ ፒፓ የሚይዘው ለዚህ ነው። «ሎኮሞቲቭም ያርፋል» ይሉ ነበር አባባ፤ «የማያርፍ ነገር መጀመሪያ ይገማል፣ ቀጥሎ ይሰበራል።»

ሽቦውን ያገኘሁት ለመዋዕለ ሕፃናት የእጅ ሥራ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። ልጆች አበባና ሸረሪት የሚሠሩበት፣ ፀጉራም የሆነው ተጣጣፊ ሽቦ እኮ መነሻው የፒፓ ማጽጃ ነው። ቀይም፣ ሮዝም፣ አረንጓዴም ነበር፤ እኔ ነጩን መረጥኩ። ቀለም የተነከረው አልኮል ሲነካው ይለቃል፤ ቆሻሻው መውጣት አለመውጣቱም በነጭ ላይ ነው የሚታየው።

ትልቁ ጥያቄ የመጣው ራሱ ጋ ስንደርስ ነው። የሃምሳ ዓመት ጭስ የፒፓውን ጉድጓድ በከሰል ቅርፊት ሸፍኖታል። ለሚያጨስ ሰው ይህ ቅርፊት ጠላት አይደለም። እንጨቱን ከእሳት ይከላከላል፤ እርጥበትም ይመጥጣል። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ይተዉታል፤ ከዚያ ሲበልጥ ይፋቃል፤ ምክንያቱም ከሰልና እንጨት ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ የወፈረው ቅርፊት ከውስጥ ገፍቶ እንጨቱን ይሰነጥቃል። የአባባ ቅርፊት አምስት ሚሊ ሜትር ሊደርስ ምንም አልቀረው። ጉድጓዱ ጠቦ ጣት አያስገባም።

ጣዕም የሚቀመጠው ደግሞ እዚያ ነው። ከሰል ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ያገኘውን ይይዛል። አንድ ጊዜ ቫኒላ የተነከረ ትምባሆ የተጨሰበት ፒፓ፣ ሌላ ቢሞሉበትም ለብዙ ጊዜ ቫኒላ ቫኒላ ይላል። እኛ ቤት ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ የሚታጠነው ለምንድን ነው? ሸክላ ያደረበትን ስለማይረሳ ነው። እናቴ ያለፈው ጠላ ኮምጣጣ በመጪው ላይ እንዳይመጣባት ጋኗን በግራዋ ትፈትጋለች፤ ሲደርቅ ወይራውን ታጨስበታለች። ስለ ፒፓ ላስረዳት ስሞክር ገና ሳልጨርስ «እና በግራዋ እጠባት» አለችኝ። ሐሳቡ አልራቀም፤ ችግሩ ውሃው ነው። ደረቅ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። የፒፓ ግራዋ አልኮል ነው።

ግን አሁን ቅርፊቱን ሙሉ በሙሉ ልፋቀው? መፋቂያውን ይዤ ቆምኩ። ድሬዳዋ ሲመሹ የተጨሰው፣ አያቴ በሞተች ሰሞን የተጨሰው፣ እናቴ ተመርቃ የመጣች ቀን የተጨሰው ሁሉ እዚያ ጥቁር ነገር ውስጥ አለ። በሥራዬ፣ አሮጌ ፋይል ከመሰረዜ በፊት ቅጂ አስቀራለሁ፤ የዚህ ግን ቅጂ የለውም። አባባን ጠየቅኳቸው፦ «ትንሽ ላስቀር ወይስ እስከ እንጨቱ ልውረድ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሞተር ኦቨርሆል ስታደርግ ካርቦኑን ለመታሰቢያ ታስቀምጣለህ?» አሉ።

ፋቅኩት። ሹል ቢላ አይሆንም፤ የጉድጓዱን መቀመጫ ይበሳል፣ ክቡንም ያበላሸዋል። ጫፉ ደነዝ የሆነ ቢላ በቀስታ እያዞርኩ፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ እስክሪብቶ ላይ በጠቀለልኩት ብርጭቆ ወረቀት። ጥቁሩ ዱቄት ጋዜጣ ላይ ተከመረ። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ሲያልቅ ጋዜጣውን አጣጥፈው ራሳቸው ወስደው ጣሉት።

ከዚያ አልኮሉ። ብዙ ሰዎች ጉድጓዱን በጨው ሞልተው አልኮል ያንጠባጥቡበታል። እኔ ጨዉን በጥጥ ተካሁት፤ ጨው እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ከቀረ እርጥበት ይስባል፣ አንገቱንም ሊሰነጥቅ ይችላል። አባባ ዳግም አረቄ ይሻላል ብለው ነበር፤ አረቄ ግን ውሃም የራሱ ሽታም አለው፤ ጠንካራ አልኮል ከፋርማሲ ገዛሁ። መጀመሪያ ጭራው ይወጣል፤ አልኮል አይወድም። ጉድጓዱ በጥጥ ይሞላል፣ አንገቱም ውስጥ የተጠመዘዘ ጥጥ ይገባል። ከዚያ አልኮሉ በጠብታ፣ ጥጡ እስኪርስ። እሳት ካለበት ራቅ አድርጎ ማሳደር ነው። አልኮሉ እንጨቱ ውስጥ የተደበቀውን ቅጥራን ያሟሟል፤ በጥጡ በኩል ሲተን ደግሞ ቅጥራኑን ጥጡ ላይ ጥሎት ይሄዳል። የመጀመሪያው ሌሊት ጥጥ ቡና መስሎ አደረ። የሁለተኛው ሻይ። የሦስተኛው ጠጅ። በአምስተኛው ጠዋት ነጭ ሆኖ ወጣ። ከዚያም አንድ ሳምንት ሙሉ ሳትነካ ደረቀች።

ጭራው ሌላ ታሪክ ነው። ጥቁር ነው ብዬ ነበር፤ እኔ ሳውቀው ግን አረንጓዴ ወደሆነ ቡናማ ዞሯል። የተሠራው ከኤቦናይት፣ ማለትም በድኝ ተበስሎ ከጠነከረ ጎማ ነው። ፀሐይና እርጥበት ሲያገኘው ድኙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀለሙ ይቀየራል፣ ከንፈር ላይም ይመራል። የአባባ የበረንዳ ፀሐይ ለሳቸው መልካም ነበር፣ ለጭራው ግን አልነበረም። ሙቅ ውሃ ይብሱን ያበላሸዋል። በቀዝቃዛ ውሃ እያራስኩ ከሻካራው ወደ ለስላሳው በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ ክፍሉ ድኝ ድኝ ሸተተ። ከእንጨቱ ጋር የሚገጥምበትን ጠርዝ አልነካሁም፤ እዚያ ከተፋቀ መጋጠሚያው እኩል አይሆንም። በጥርስ ሳሙና አጥርቼ፣ አንዲት ጠብታ የወይራ ዘይት ቀባሁት። የአባባ ጥርስ የነከሰባቸውን ሁለት ጉድጓዶች ሊያጠፋ የሚችል ዘዴ አለ፤ በእሳት ማሞቅ ነው። እሱን ተውኩት፤ እነዚያ ቆሻሻ አይደሉም።

አንገቱ ሲጸዳ ጥላሸት የደበቀው ጽሑፍ ወጣ፦ ብሩዬር፣ ሴን ክሎድ። ሴን ክሎድ ከስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ ያለች የፈረንሳይ የተራራ ከተማ ናት፤ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ፒፓ ስትሠራ ኖራለች። ብሩዬር የእንጨቱ ስም ነው። የዛፉን ሳይንሳዊ ስም ስፈልግ ኤሪካ አርቦሪያ የሚል አገኘሁ፤ ፎቶውን ሳይ ደነገጥኩ። ይህንን ዛፍ አውቀዋለሁ። ሰሜን ተራሮች የሄድን ጊዜ ሳንቃበር አካባቢ ሽበት የመሰለ ሽበት ተንጠልጥሎበት በጭጋግ ውስጥ ያለፍነው አስታ ነው! ደገኛው ለማገዶ የሚለቅመው አስታ። የአባባ እንጨት የበቀለው በሜዲትራኒያን ዳርቻ ይሆናል፤ ዛፉ ግን ያው ዛፍ ነው።

ፒፓ የሚሠራው ከግንዱ አይደለም፤ ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት፣ ከመሬት በታች ከሚያብጠው ጉብታ ነው። ጉብታው ለዛፉ የመጠባበቂያ ጎተራ ነው። ሰደድ እሳት ከላይ ያለውን ሲጨርሰው፣ አስታ ከዚያ ጉብታ ተነስቶ እንደገና ያቆጠቁጣል። ባሌ ላይ ለግጦሽ ሲባል የተቃጠለው አስታ ተመልሶ የሚነሳው በዚሁ መንገድ ነው። ፒፓ ሠሪዎቹ ጉብታውን ቆርጠው ለብዙ ሰዓታት ይቀቅሉታል፤ ምሬቱ ይወጣለታል፤ ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያደርቁታል። እኔ በአምስት ሌሊት ያደረግኩትን እነሱ ገና ከመነሻው አድርገውት ነበር ማለት ነው።

ፒፓዋ የተመለሰች ቀን አባባ ወዲያው አፋቸው ላይ አላደረጓትም። ገልበጥበጥ አደረጓት፣ ጉድጓዷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። እናቴ «እስቲ» ብላ ተቀበለቻቸው፤ አሸተተቻት፤ ደገመቻት። «ምንም አይልም» ብላ መለሰችላቸው። አባባ ነከሱና ሳብ አደረጉ። ጭራዋ ላይ ጥርሳቸው የድሮ ቦታውን አገኘ።

«ምን ምን ይላል?» አልኳቸው።

ትንሽ ቆዩ። «እንጨት እንጨት» አሉ። «አዲስ ስትሰጠኝ እንዲህ ነበር የምትለው።»

ትምባሆ ባይኖርም ሥራው አላለቀም። ባዶ ፒፓ የሚስብ ሰው ትንፋሹም ምራቁም ይገባበታል፤ ጤዛው ያው ጤዛ ነው፤ ካልደረቀ ይኮመጥጣል። እሁድ እሁድ ከቁርስ በኋላ ነጭ ሽቦ አሳልፍባታለሁ፤ ፈትቼ እስከ ማታ ትደርቃለች። መደርደሪያው ላይ፣ ከፀሐይ ራቅ ያለች ቦታ አላት፤ ቦታዋን የመረጠችው እናቴ ናት።