የአባቴን መጻሕፍት የት ልሽጥ?

ሳንሱሲን የምታውቁ ካላችሁ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን የሚሰማውን ድምፅ አትረሱትም። ጆንያውን ትከሻው ላይ የጣለ ልጅ ከአምቦው መንገድ ወደ ውስጥ ይታጠፍና «ቆራሌው!» ይላል። ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይኸው ልጅ ከበራችን ቆሞ፣ ዝናብ ነክቷቸው ደጅ ያሰጣኋቸውን የአባቴን መጻሕፍት አየና በኪሎ 15 ብር ልግዛሽ አለኝ። በልቤ አሰላሁት። መጻሕፍቱ 112 ኪሎ ቢመዝኑ 1,680 ብር መሆኑ ነው። አባቴ ለ31 ዓመት በጎጃምና በሸዋ ሲያስተምር ከደመወዙ እየቀነሰ የገዛው ሁሉ ለበርበሬና ለቆሎ መጠቅለያ ሊሆን ነው ማለት ነው።

ልጁን መለስኩት። ይሁን እንጂ መመለሱ ችግሬን አላቃለለልኝም። የምሠራው በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ነው። ሁለተኛዋ ልጄ መስከረም ላይ ኮሌጅ ልትገባ 14,000 ብር ያስፈልጋት ነበር፤ ይህም ከአንድ ወር ደመወዜ ይበልጣል። በዚያ ላይ የተከራየነው ቤት ጣሪያ ያፈሳል። ሁለት የቆርቆሮ ሣጥንና አምስት ካርቶን መጽሐፍ በየክረምቱ ከጥግ ወደ ጥግ እያዞርኩ ስንት ዓመት ልዝለቅ? ልሽጣቸው ብዬ ቆረጥኩ። የት፣ ለማን፣ በስንት የሚለው ግን ሁለት ወር ሙሉ አላስተኛኝም። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁም ከእናንተ መካከል የባሏን ወይም የአባቷን መጻሕፍት አቅፋ የተቀመጠች እንደምትኖር ስለማውቅ ነው።

መጀመሪያ የጠራሁት አባቴን የሚያውቁ፣ በወጣትነታቸው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ሲያዞሩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበር። ጋሼ መጥተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ሣጥኑን ከፍተው አንድ ሰዓት ያህል አገላበጡ። ከሦስት መቶ ከሚበልጠው ውስጥ 40 ያህል መርጠው 6,000 ብር አቀረቡልኝና «የቀረውን ለቤተ መጻሕፍት ስጪው» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ ነጋዴ ትርፉን ካላገኘ አይኖርም። ነገር ግን የመረጧቸውን ሳይ፣ እኔ የማላውቀውን እርሳቸው እንደሚያውቁ ገባኝ።

በዚህ ጊዜ ነው ልጄ «እማ፣ ለምን በስልክ በጨረታ አንሸጠውም?» ያለችኝ። ጨረታ የሚለውን ቃል እናቴ ከጓዳ ሰማችው። «ሐራጅ የሚወጣው የባለዕዳ ዕቃ ነው፤ እኛ የማን ዕዳ አለብን?» ብላ ወጣች። ማስረዳቱ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያን ክብረ በዓል ላይ የስለት ጥላ ሲጫረቱበት ያየችውን ባስታውሳት ጊዜ ትንሽ ለዘብ አለች። ዝም አለች ማለቴ እንጂ ተስማማች ማለቴ አይደለም።

ታዲያ ጨረታ ያለበት ቦታ ብዙ ነው። በዓለም የታወቀው ኢቤይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ ነው፤ መጀመሪያ ከተሸጡበት ዕቃዎች አንዱ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም የሄደ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር ይባላል። ሲጀመር የተሰበረ ዕቃ የሸጠ ቦታ የአባቴን መጽሐፍ ቢሸጥ አይገርመኝም። ሆኖም ለእኔ ቢጤዋ ሻጭ አልሆነም። ዶላር የምቀበልበት ሂሳብ የለኝም፤ ሁለት ኪሎ የሚመዝን መዝገበ ቃላት ወደ ውጭ አገር በፖስታ ለመላክ የሚጠይቀው ወጪም ከመጽሐፉ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አገኘሁበት። እዚያ ላይ ሻጮች የጠየቁትን ብቻ ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ለይቶ ማየት ይቻላል። ኤቢቡክስ በሚባለው የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ላይ ግን የምታዩት ሻጩ የሚመኘውን ዋጋ ነው። አንድ መጽሐፍ 200 ዶላር ተብሎ ተለጥፎ አምስት ዓመት ቢቀመጥ ዋጋው 200 ዶላር ነው ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ሳላውቅ አንድ ሌሊት ሙሉ ሀብታም ሆኜ አድሬያለሁ።

አገር ውስጥ እንደ ጂጂ ያሉ የማስታወቂያ ገጾች አሉ። እነዚህ ጨረታ አይደሉም፤ ዕቃችሁን ከነዋጋው ትለጥፋላችሁ፣ የፈለገ ይደውላል። ለማቀዝቀዣና ለሶፋ ደኅና ናቸው። እኔ በእንዲህ ያለ አንድ ገጽ ላይ መጻሕፍቴን ብለጥፍ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የደወሉልኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው የጠየቀኝ ሣጥኑን ነው።

የቀረው ቴሌግራም ነው። በቴሌግራም ላይ የአሮጌ መጻሕፍት ጨረታ የሚያካሂዱ ቡድኖች አሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አጫራቹ የመጽሐፉን ፎቶ፣ መነሻ ዋጋውን፣ ተጫራች በትንሹ ስንት መጨመር እንዳለበትና የሚዘጋበትን ሰዓት ይለጥፋል፤ ሰዎች ከሥሩ ዋጋ እየጻፉ ይጫረታሉ። ሁለት ቡድኖች አገኘን። አንዱ በሺህ የሚቆጠር አባል አለው፤ ሌላው የሠርግ ጥሪ እንኳ የማይሞላ ነው። ልጄ ወደ ትልቁ ቸኮለች። እኔ ግን የመጋዘን ሠራተኛ ነኝና የገባውን ሳይሆን የወጣውን ነው የምቆጥረው። ወደ ኋላ ሄደን ያለፉትን ጨረታዎች አነበብን። በትልቁ ቡድን ከአሥር መጽሐፍ ሰባቱ ያለ ተጫራች ቀርቷል። በትንሹ ቡድን አጫራቹ ማን በስንት እንደገዛ፣ ማን አሸንፎ ሳይከፍል እንደቀረ ሁሉ ይጽፋል፤ የተቀደደ ገጽ ካለ ፎቶውን ካላመጣሽ አልለጥፍም ይላል። ከሽያጩ ከመቶ 10 ይወስዳል። ይህን መረጥን።

ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱን መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል መግለጥ ነበረብን። እህቶቼ፣ ይህን ሥራ ለማንም አትስጡ። በአንዱ ውስጥ የእኔን የአራተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ በሌላው የደርግ ዘመን አሥር ብር፣ በደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ደግሞ የእናቴን የዕቁብ ወረቀት አገኘን። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና «የወይዘሮዋ ሦስተኛ ዕጣ አልተከፈለኝም ነበር» አለች።

መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ማየትም ያስፈልጋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ታትሟል፤ የእኛ ከኋለኞቹ ነበርና በ350 ብር ሄደ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ግን በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ በመሆኑ የዚያን ጊዜውን እትም ሰው ይሻማበታል። አባቴ በጋዜጣ ሸፍኖ፣ ከላዩ «የሒሳብ መልመጃ» ብሎ ጽፎበት ነበር። ልጄ ሽፋኑን ልትገነጥለው ስትል ከለከልኳት። ፎቶው ከነሽፋኑ ተለጠፈ፤ ከ300 ብር ተነሥቶ 2,150 ብር ደረሰ። የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት በ3,800 ብር ተሸጠ። የገዛው ከቡራዩ የመጣ ወጣት መምህር ነው። አባቴ በጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈውን አይቼ ዋጋ ልቀንስለት ሳስብ፣ «እኔኮ የተጫረትኩት ለእርሱ ነው» አለኝ።

ሁሉም ግን እንዲህ አልሄደም። አንድ እሑድ ማታ ለሦስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ፤ ከመብራቱ ጋር ኔትዎርኩም ሄደ። በማግስቱ ሁለት ሰዎች «ያሸነፍኩት እኔ ነኝ» ብለው ሲጨቃጨቁ አገኘናቸው። ከዚያ ወዲህ የመዝጊያው ሰዓት ቀን ስምንት ሰዓት ሆነ።

የባሰው ሌላ ነው። ከቡድኑ ውጭ በቀጥታ የደወለልኝ አንድ ትሑት ሰው ስድስት የታሪክ መጻሕፍት በ2,400 ብር እወስዳለሁ ብሎ ሳንሱሲ ታክሲ መቆሚያው ድረስ መጣ። ስልኩን አውጥቶ ገንዘቡ መላኩን የሚገልጸውን መልእክት አሳየኝ፤ ስሜም ቁጥሬም በትክክል አለበት። መጻሕፍቱን ሰጠሁት፣ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» ብሎ ሄደ። ቤት ገብቼ ሂሳቤን ባይ አንድ ሳንቲም አልገባም። መልእክቱ የተቀነባበረ ነበር። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለእንደኔ ያለችው ሻጭ ትልቅ መገላገያ ሆኗል፤ የገዢውን ስልክ ሳይሆን የራሴን ሂሳብ ማየት ነበረብኝ። *127# ደውሎ ለማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ያንን ግማሽ ደቂቃ የነፈግሁት ሰውየውን የተጠራጠርኩ እንዳይመስለኝ አፍሬ ነው። ይሉኝታዬ 2,400 ብር አወጣኝ ማለት ነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ብር አይደለም። ልጄ የመጻሕፍቱን ክምር ስታነሣ ከጥግ በኩል የአያቴ የብራና ዳዊት ከነማኅደሩ በፎቶው ውስጥ ገብቶ ኖሯል። በሁለተኛው ቀን ውጭ አገር ያለ አንድ ሰው ጻፈልን። ሌላውን አልጠየቀም፤ ለዳዊቱ በዶላር የጠራው ዋጋ የኮሌጁን ክፍያ ለሁለት ዓመት ይሸፍናል። ልጄ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። አልዋሻችሁም፤ ያን ሌሊት ጣሪያው ሲያፈስ እየሰማሁ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለውን ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን እንደሚከለክል ያወቅሁት ጠዋት ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍ ለጨረታ ቀርቦ በኤምባሲያችን ጥያቄ ከሽያጭ እንደተነሣ፣ በኋላም ለኤምባሲው እንደተመለሰም ያን ጊዜ አነበብኩ። አንዱን በስንት ልመና እያስመለስን ሌላውን እኔ ከሳንሱሲ ልላክ? ለሰውየው «አይሸጥም» ብላ እንድትጽፍለት ለልጄ ነገርኳት። ዋጋውን እጥፍ አድርጎ መለሰ። ቁጥሩን ዘጋነው።

በስድስት ሳምንት 63 መጻሕፍት ሸጥን። ኮሚሽኑና የታክሲው ሲቀነስ 15,000 ብር ያህል እጄ ገባ። ገዢዎችን በየቀኑ ከማግኘት ይልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ በአንድ ሰዓት መቅጠራችን ነው የታክሲውን ወጪ ያዳነልን፤ የ150 ብር መጽሐፍ ለማድረስ ብቻውን ጉዞ አያወጣም። ልጄ ተመዝግባለች። ከተረፉት ውስጥ ደኅና ደኅናዎቹን እናቴ በማታውቀው ቀን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠሁ፤ ማወቋ አልቀረም። አሁን አንድ ካርቶን ቀርቷል፤ አብዛኛው ሞስኮ ላይ ፕሮግሬስ አሳታሚ በአማርኛ ያወጣቸው ቀይ መጻሕፍት ናቸው። በሃምሳ ብርም ተጫራች አልተገኘላቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ከአስፋልቱ በኩል ሲሰማ እናቴ ከሁላችን ቀድማ ትነሣና የግቢውን በር ከውስጥ ትቀረቅራለች።