የሽማግሌው ባትማን ጉዳይ

እኛ አራት ነን። አራታችንም ሥራ አለን፤ የቤት ኪራይ እንከፍላለን፤ አንዳችን እንዲያውም የልጅ አባት ሆኗል። ይህን አስቀድመን የምንናገረው የሚቀጥለውን ስታነቡ «ሥራ ፈቶች!» እንዳትሉን ነው። ምክንያቱም እኛ ዓመታት ሙሉ ስለ ባትማን ስንጨቃጨቅ የኖርን ሰዎች ነን። ተኮራርፈንም እናውቃለን።

ነገሩ የጀመረው «ባትማን ቪ ሱፐርማን» የተባለው ፊልም የወጣ ሰሞን፣ በ2016 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልን)። ሁለቱ ጀግኖች ሊገዳደሉ ምንም ሳይቀራቸው የእናቶቻቸው ስም አንድ ሆኖ ይገኛል፤ ማርታ። በቃ፣ ጠቡ በረደ! በሳቅ ሞትን። በዚህ ዓይነት እኮ እኛ ሰፈር ስንቱ በታረቀ! አንዱ ጓደኛችን ብቻ አልሳቀም። «የድብድቡን ሐሳብ ያመጡት ከኮሚክ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቀልድ የለም» አለን። በሳምንቱ በፍላሽ አመጣልን። ያንን ፍላሽ ከተቀበልን ወዲህ ሰላም የለንም።

መጽሐፉ «ዘ ዳርክ ናይት ሪተርንስ» ይባላል። ፍራንክ ሚለር በ1986 በአራት ክፍል ያወጣው ነው። ያኔ ደራሲው 29 ዓመቱ ነበር፤ የጻፈው ባትማን ግን 55 ዓመቱ ነው። ጭምብሉን ከሰቀለ ዐሥር ዓመት ሆኖታል፤ ይጠጣል፤ እንቅልፍ የለውም። ከተማው ሲበላሽ አላስችል ብሎት ይመለሳል። አዲሷ ሮቢን ካሪ ኬሊ የምትባል የ13 ዓመት ልጅ ናት። እስከዚህ ድረስ አራታችንም ተስማምተናል፤ ድንቅ ነው።

ጉድ የፈላው ሱፐርማን ሲመጣ ነው። ሌሎቹ ጀግኖች በሙሉ ከሥራ እንዲወጡ ተደርገዋል፤ እሱ ግን «እሺ» ብሎ ለአሜሪካ መንግሥት በድብቅ ያገለግላል። ቁርጥ ሬገንን የሚመስሉት ፕሬዚዳንት ጠርተው «ያንን ሰውዬ አንድ በለው» ሲሉት፣ ሄዶ የድሮ ጓደኛውን ይገጥማል። ድብድቡ የባትማን ወላጆች የተገደሉበት መንገድ ላይ ነው። ባትማን ብረት ለብሷል፤ አንድ እጅ ብቻ የቀረው ግሪን አሮው የክሪፕቶናይት ቀስት ይወረውርለታል፤ ሽማግሌው የሱፐርማንን ጉሮሮ አንቆ የልቡን ይናገራል።

ሦስታችን አጨበጨብን። አራተኛዋ አላጨበጨበችም። አባቷ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ሥራ ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ሥርዓት ሲለወጥ እሳቸው እዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «ታዞ ሥራውን የሠራ ሰው ሁሉ ባንዳ ነው እንዴ?» አለችን። ቀልዳ መስሎን ነበር። አልቀለደችም። «እናንተ ገጹን ዘላችሁት ነው እንጂ፣ ሶቪየቶች የተኮሱትን ኑክሌር ከሰው ያራቀው ማነው? ሰውነቱ አጥንት ብቻ እስኪቀር የነደደው ማነው? ባትማን ያን ሰዓት ፈረስ ላይ ነበር!» (እውነቷን ነው። ፈረስ ላይ ነበር። ለፍትሕ ያህል፣ መብራት የጠፋባትን ከተማ እያረጋጋ ነው።)

ከዚያ በኋላ ቤቷ ገብታ አንብባ መጣች፤ የምትጣላን በማስረጃ ነበር። ሱፐርማንን በ1938 ለአንባቢ ያቀረቡት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ልጆች፣ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እትሞች ያየ ሰው ተላላኪ አያገኝም። ጦርነት እያስነሳ መሣሪያ የሚሸጠውን ነጋዴ ወታደር ሆኖ እንዲዘምት ያስገድደዋል። ለሠራተኞቹ ደኅንነት ደንታ የሌለውን የማዕድን ጉድጓድ ባለቤት ከነእንግዶቹ፣ ከነድግስ ልብሳቸው፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ያስገባቸዋል። «ሚለር የወሰደብኝ ይህንን ሰው ነው» አለች። እኛ ደግሞ «ሚለር ምን አደረገ? ሱፐርማን በሃምሳ ዓመት ውስጥ የሆነውን ነው ያሳየው» አልናት። እዚህ ላይ ሁለት ወር ያህል ቆየን።

ክርክሩን ያበላሸው ግን ሱፐርማን አልነበረም። ከእኛ አንዱ የሚለርን ሌሎች ሥራዎች ሲፈልግ «ሆሊ ቴረር» የሚባል በ2011 የወጣ መጽሐፍ አገኘ። መጀመሪያ ባትማን ከአልቃይዳ ጋር ሲዋጋ እንዲያሳይ የታሰበ ነበር፤ በኋላ ባትማን ወጥቶ ሌላ ጀግና ተተካበት። እስልምናንና ሽብርን አንድ አድርጎ ሣለ ተብሎ ክፉኛ የተተቸ መጽሐፍ ነው። በዚያው ዓመት ዎል ስትሪት ላይ የተቀመጡትን ተቃዋሚ ወጣቶችም ሚለር አዋርዶ ሰድቧቸዋል። ለመንግሥት አልታዘዝም ያለውን ባትማን የጻፈው ያው ሰውዬ!

ፍላሹን ያመጣልን ጓደኛችን ሙስሊም ነው።

አንብቦ ጨረሰውና ለሁለት ሳምንት ቡና እንጠጣ ብንለው አልመጣም። የመጣ ቀን የተናገረውን እስካሁን አልመለስንለትም። «መጥፎው አዲሱ መጽሐፍ ብቻ ነው ብላችሁ ልታጽናኑኝ ነው አይደል? እኔ አሮጌውን እንደገና አየሁት። እዚያ ያሉት የወሮበላ ልጆች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ዓይናቸው በመነጽር ተሸፍኗል፤ ስም የላቸውም። አጥንታቸው ሲሰበር አጨብጭበናል። ቁጣው ያው ቁጣ ነው። ያኔ እኛ ላይ አልነበረማ!»

ልንከራከረው ሞከርን፤ ልማድ ነው። መጽሐፉ እኮ ባትማንን ራሱን ይጠይቃል አልነው፤ በየገጹ ያሉት የቴሌቪዥን ተከራካሪዎች ግማሾቹ አደገኛ ሰው ነው ይላሉ። ሚለርም በ2018 ያንን መጽሐፍ ዛሬ መጻፍ እንደማይችል ተናግሯል አልነው። «እሱ ይለወጥ፤ ደስ ይለኛል» አለ። «እኔ ያነበብኩትን ግን ማን ያስተፋኛል?» የሱፐርማን ጠበቃችን ያን ቀን ምንም አላለችም። ሒሳቡን የከፈለችው ግን እሷ ናት።

እኛ እንግዲህ እንደምታዩን አሁንም አራት ነን። መጽሐፉን አሁንም እንወደዋለን፤ ስንወደው ግን እንደ ድሮው ቤቱ እስኪናጋ አንጮህም። የመጨረሻውን ትዕይንት ሁላችንም ስም ጠርተን እንስለዋለን፤ ባትማን ሞቷል ተብሎ ሲቀበር ሱፐርማን ከሣጥኑ ውስጥ የልብ ምት ይሰማል፤ ሰምቶ ካሪን ይጠቅሳትና ዝም ብሎ ይሄዳል። ይህቺን ጥቅሻ «ታዘዘ» በሉት «አልታዘዘም» በሉት፣ አልወሰንም። እሷ «አያችሁ!» ትላለች፤ እኛ «አንድ ቀን እንኳን!» እንላለን።

ባለፈው ወር የጓደኛችን ልጅ ሦስት ዓመት ሞላው። የሱፐርማን ምልክት ያለበት ካናቴራ ለብሶ ሲሮጥ አገኘነው። አባትየው «እናቱ ናት የገዛችው» ብሎ ፈጠን አለ፤ ስሟ ማርታ እንዳልሆነ እያወቅን ጠየቅነው። ፍላሹ አለ ወይ አልነው። «አለ። አላጠፋሁትም። ለሱ ግን መጀመሪያ የማስነብበው የ1938ቱን ነው፤ ባለ ማዕድን ጉድጓዱን» አለን።

«እሱን ለኛም በፍላሽ አምጣልን» አለችው።