ልጄን የመረመርኩበት ሳምንት

የወንጀል ልብ ወለድ እወዳለሁ። ባለቤቴ መጽሐፍ ይዤ ባየኝ ቁጥር «ደግሞ ዛሬ ማን ሞተ?» ይለኛል። ባለፈው ኅዳር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት የጆናታን ኬለርማን «ዌን ዘ ባው ብሬክስ» ግን እንደ ሌሎቹ አንብቤ የማስቀምጠው አልሆነም።

መጽሐፉ የታተመው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። አሌክስ ዴላዌር የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ ሥራው አታክቶት ገና በ33 ዓመቱ እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የአእምሮ ሐኪም ይገደላል። ምናልባት ያየችው ነገር ይኖራል የምትባለው ሜሎዲ፣ የ7 ዓመት ልጅ ናት። መርማሪ ፖሊሱ ማይሎ ስተርጂስ ልጅቷን እንዲያነጋግርለት ወዳጁን አሌክስን ይለምነዋል። አሌክስ ግን ዘሎ ወደ ጥያቄ አይገባም። የምትወስደው መድኃኒት እንዳደነዘዛት ያስተውልና በቅድሚያ እንዲቀነስላት ይሟገታል። ደራሲው ራሱ በሎስ አንጀለስ የሕፃናት ሆስፒታል የሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ይሄ ክፍል ከግድያው የበለጠ ያዘኝ። የግርግሩን ገጾች እንኳ ቶሎ ቶሎ ነው የገለጥኳቸው።

እሱን ሳነብ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነበር። የ6 ዓመቷ ልጄ አጠገቤ ተኝታለች። ሳምንቱን ሙሉ «ትምህርት ቤት አልሄድም» ብላናለች። ሰርቪሱ ጡሩንባ ሲነፋ የበሩን እጀታ ይዛ ታለቅሳለች። እኔ በአንድ በኩል፣ አባቷ በሌላ በኩል፣ «ማን መታሽ? ማን ነካሽ? ተናገሪ!» ስንላት ከረምን። ጣቢያ የገባ ሌባ እንኳ እንዲህ አይጠየቅም። መልሷ «ምንም» ብቻ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ምንጣፉ ላይ አብሬያት ተቀምጬ ቀለምና ወረቀት ሰጠኋት። ለግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልጠየቅኋትም። (የሚያውቁኝ ሰዎች ይሄን አያምኑም።) ትልቅ መኪና ሣለች። ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች።

«ሌሎቹስ?» አልኳት።

«ወረዱ። እኔ ተኝቼ ነበር።»

ሾፌሩ ሳያያት መኪናውን ቆልፎ ሄዷል። ለቅሶዋን ሰምቶ ያስከፈተላት ጥበቃው ነው። ረዳቷ ከረሜላ ሰጥታ፣ «ለእማዬ ከነገርሽ ጋሼ ከሥራ ይባረራል» ብላታለች። ያንን ሁሉ ቀን ዝም ያለችው ለጋሼ ብላ ነው።

ሰኞ ከአባቷ ጋር ትምህርት ቤቱ ሄድን። ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሱም የልጆች አባት ነው። ይባረር ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም፣ ይቅር ለማለትም እንዲሁ። ልጆቹ ሲወርዱ ወንበር ለወንበር እየታየ በስም ዝርዝር እንዲረጋገጥ ጠይቀን ተመለስን።

አሁን የሚያደርሳት አባቷ ነው። ከረሜላ የሰጣት ሰው ካለ ግን ተቀብላ አትበላውም፤ አምጥታ እኔ እጅ ላይ ታስቀምጠዋለች።