ቀስቱ ከመውጣቱ በፊት

አደን ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው የመጨረሻዋ ቅጽበት ናት። ደጋኑ ይሳባል፣ ቀስቱ ይለቀቃል፣ እንስሳው ይወድቃል። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በፊት ባሉት ወራት የሚያልቅ ነው። ጥሩ አዳኝና ጨካኝ የሚለዩትም እዚያው ላይ ነው።

በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ሐበሻ አለ። ሥራው ታክሲ መንዳት ነው። አጋዘንን መጀመሪያ ያወቃት በፍርሃት ነበር፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ማታ ማታ የሚነዳ ሁሉ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። በተለይ ኖቬምበር ላይ፣ በስሪያቸው ወቅት፣ ወንዱ ሴቷን ሲያሳድድ መንገድም መኪናም አይታየውም። ዛሬ ሰውየው ከፍርሃት አልፎ አዳኝ ሆኗል፤ ያውም በቀስት።

አገር ቤት አጋዘን የሚባለው የድኩላ ዘመድ ነው፤ ቀንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ባለ ነጭ ጭራው የአሜሪካ አጋዘን ግን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። ይህ እንስሳ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ሥጋውንና ቆዳውን ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ጨርሰውት፣ በ1900 አካባቢ በመላ አገሪቱ የቀረው ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጥ ይገመታል። ዛሬ ግምቱ ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል።

ያዳነው ሕግና ገንዘብ ነው። ለገበያ ማደን ተከለከለ፤ ወቅትና ቁጥር ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ፒትማን ሮበርትሰን የሚባለው ሕግ ወጣ። በአደን ጠመንጃና ጥይት ላይ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ብቻ እንዲውል ያዘዘ ሕግ ነው። በ1972 ደጋንና ቀስትም ተጨመሩበት። ታክሲ ነጂው ደጋኑን ሲገዛ፣ ሳያስበው ለጫካው ዘብ የድርሻውን ከፍሏል ማለት ነው።

አሁን ችግሩ ተገልብጧል። ተኩላውና ፑማው ከአካባቢው ጠፍተዋል፤ ቤቶች ጫካው ውስጥ ገብተዋል። አጋዘኑ የጓሮ አበባ ይግጣል፤ ችግኝ እየበላ ጫካው ራሱን እንዳይተካ ያደርጋል። በሰፈር መሃል ጠመንጃ ስለማይተኮስ፣ የከተማ ዳር አስተዳደሮች ለቀስት አዳኞች በር ከፈቱ። የከተማ ዳሩ የቀስት ወቅት በቨርጂኒያ የሚጀምረው በሴፕቴምበር ነው።

የሰውየው ዝግጅት የሚጀምረው ግን በጁን ነው። ከፈረቃው በፊት ልምምድ ሜዳ ሄዶ ይወረውራል። ቁጥሩ አያሳስበውም፤ የሚያሳስበው የመጀመሪያዋ ቀስት ናት። ጫካ ውስጥ ሁለተኛ ዕድል የለምና። በ40 ሜትር ዒላማውን ይመታል፤ ለራሱ ያወጣው ወሰን ግን 20 ሜትር ነው። ጠመንጃ በድንጋጤም ይገድላል ይባል ይሆናል፤ ቀስት የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። ሳንባና ልብ ካልተመታ እንስሳው ለሰዓታት ይሰቃያል። ስለዚህ ጎኗን ሰጥታ ካልቆመች፣ ፊቷን ወደ እሱ ካዞረች፣ አይለቅም።

በኦገስት ፍለጋው ይጀመራል። ዱካ ያያል፣ ኩስ ያያል፣ ወንዱ ቀንዱን ያሸበትን የዛፍ ልጥ ያያል። የኦክ ዛፍ ፍሬ የትኛው ሥር እንደሚረግፍ ይመዘግባል፤ አጋዘን የነጩን ኦክ ፍሬ ትመርጣለች፣ የቀዩ ይመራታል። ከሁሉም በላይ ነፋስ ያጠናል። ጠዋት መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ቆላው ይወርዳል። ጠረኑ ከቀደመው፣ አጋዘኗን ሳያያት ታመልጠዋለች። ዛፍ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከግንዱ ጋር የሚያስረውን መታጠቂያ አይረሳም፤ ብዙ አዳኝ የሚጎዳው ከዛፍ ወድቆ ነውና።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነበር። ከባዱ የሰው በር ማንኳኳት ነው። ጫካ ያለው ጓሮ ባለቤት አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ናቸው፤ አበባቸው ስላለቀ በደስታ ፈርመው ፈቀዱለት። ግን የተመታ እንስሳ ከመውደቁ በፊት ሊሮጥ ይችላል፤ የንብረት ወሰን አያውቅም። ስለዚህ ጎረቤቶቹንም ማስፈቀድ ነበረበት። አንድ ጥቁር ስደተኛ የማያውቁት ነጭ ቤት ሄዶ «ጓሮዎ የተመታ አጋዘን ቢገባ ልከተለው?» ብሎ መጠየቅ ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። በጠራራ ፀሐይ ሄደ፤ የአደን ልብሱን አልለበሰም፣ ደጋኑን ቤት ተወ። በስተቀኝ ያሉት ፈቀዱ። በስተግራ ያለው ሰውዬ ከእግር እስከ ራሱ አይቶት፣ «ፖሊስ ሳልጠራ ሂድ» ብሎ በሩን ዘጋ።

ችግሩ፣ ምርጡ መተላለፊያ ያለው በስተግራ ነበር። ሦስት ወር ሲያጠናው የከረመው ዛፍ እዚያው ነው። ማንም አያየውም፤ ጨለማ ነው፣ ዝም ብሎ ቢወጣ ማን ይጠይቀዋል? መሰላሉን ነቅሎ ወደ ቀኝ፣ አጋዘን አልፎ አልፎ ወደምትመጣበት ዛፍ ወሰደው። የሰውዬው ንቀት አበሳጭቶታል፤ ጓሮው ግን የሰውዬው ነው። ቆስላ እዚያ ብትወድቅ የምትሰቃየው እሷ ናት፣ የሚበላሸውም ከእሱ በኋላ ለሚያንኳኳው ሐበሻ ስም ነው።

እናቱ በስልክ፣ «ልጄ፣ በስመ ሥላሴ ያልታረደ ሥጋ እቤትህ እንዳይገባ» ብለውታል። «እሺ እማዬ» ብሏል። ከ1991 ጀምሮ አዳኞች የሚለግሱትን ሥጋ አዘጋጅቶ ለተራቡ የሚያደርስ በጎ አድራጎት ድርጅት በቨርጂኒያ አለ። ከቀናው ሥጋው ወደዚያ ይሄዳል።

በአገራችን ወግ አንበሳ ገዳይ፣ ዝሆን ገዳይ ይፎከርለት ነበር። መሰላሉን ነቅሎ ለሄደ ሰው ግን የተፎከረበት ጊዜ የለም። አጋዘንን ከጥፋት ያወጣት ግን መግደል ሲችል የተወ ሰው ነው፤ ሕጉ የጻፈውም ይህንኑ ነው። ሕግ ደግሞ ዘብ በሌለበት ጨለማ ካልተከበረ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ለጫካም ለአገርም ያው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከደጋን የወጣ ቀስትም እንደዚያው ነው፤ የሚታሰበው ሳይለቀቅ ነው።