ያ ስድስት ወር ተኩል

ነሐሴ 10 ቀን 2004 አምስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ዐረፉ። የካቲት 21 ቀን 2005 ስድስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ተመረጡ፤ የካቲት 24 በዓለ ሢመታቸው ተፈጸመ። በመካከሉ ያለው ስድስት ወር ተኩል የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዘመኔ ካገኛቸው ዕድሎች ሁሉ ትልቁ ነበር እላለሁ። አልተጠቀምንበትም። ብዙዎቻችን ዕድል መሆኑን የተረዳነው እንኳ ካመለጠ በኋላ ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ አልፎትም ቁጭቱ ከሆዴ አልወጣም።

በዚያ ዘመን ሕፃን ለነበረ አንባቢ የነገሩን ሥር ባጭሩ ልናገር። አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ በ1980 ተሾሙ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ከመንበራቸው ወረዱ። ተገፍተው ነው በሚሉና በፈቃዳቸው ነው በሚሉ ወገኖች መካከል የነበረው ክርክር ሳይዘጋ ሐምሌ 5 ቀን 1984 አቡነ ጳውሎስ መንበሩን ያዙ። አቡነ መርቆሬዎስ በኬንያ በኩል ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ በስደትም ሌላ ሲኖዶስ ቆመ። ፓትርያርክ በሕይወት እያለ በላዩ ሌላ አይሾምም የሚለው ሥርዓት የጠቡ እምብርት ሆነ። ውግዘት ተከተለ። አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ቅዳሴ፣ አንድ ጥምቀት፣ ሁለት ሲኖዶስ።

ጠቡ በጳጳሳት መካከል ብቻ ቢቀር ምእመኑ ዳር ቆሞ ሊያዝን ይችል ነበር። አልቀረም። በዋሽንግተን፣ በዳላስ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በቶሮንቶ፣ በለንደን አጥቢያዎቻችን ሦስት ስም ወጣላቸው፦ የአገር ቤቱ፣ የስደተኛው፣ ገለልተኛ። ዲያቆኑ በቅዳሴው የፓትርያርኩ ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ሰው ጆሮ ሁሉ ይቆም ነበር። የተጠራው ስም ያልጣመው በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ደብር ይሄዳል። አንዳንዱ ገለልተኛ ደብር የማንንም ስም ሳይጠራ ያልፋል። በዚህ ምክንያት የጽዋ ማኅበር ተበተነ፤ ክርስትና አባትና ልጅ ተራራቁ፤ የሟች ቤተሰብ ፍትሐቱ የት ይደረግ በሚለው ተጣላ። በሕንፃ ባለቤትነት የተካሰሱ ኢትዮጵያውያን ምእመናን በአሜሪካ ዳኞች ፊት ስለ ሲኖዶስ ምስክርነት ሰጡ። የቃሉን ትርጉም እንኳ ሰምቶ ለማያውቅ ዳኛ የእናታችንን ገበና ዘርግተን አሳየነው።

እንግዲህ የ2004ቱ ነሐሴ ምን ይዞልን እንደመጣ አስቡት። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕርቅ የሚባለው ነገር በሕይወት ባሉ ሁለት ፓትርያርኮች መካከል የሚደረግ ነበር። አንዱ ይነሣ፣ ሌላው ይመለስ ማለት ነበረበት፤ ማንም ደፍሮ የማይለው ነገር። ከነሐሴ 10 በኋላ ግን መንበሩ ባዶ ነበር። አቃቤ መንበር ሆነው የተሰየሙት የአርሲው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ናትናኤል ነበሩ። ከሹመቱ የሚወርድ፣ ክብሩን የሚያጣ አንድም ሰው የለም። በሕይወት ያለው ፓትርያርክ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ስደተኛ ሽማግሌ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሩን የዘጋው ድንጋይ በሞት ተነሣ።

በኅዳር መጨረሻ 2005 የሁለቱም ወገን ልዑካን ዳላስ ላይ ተቀመጡ። መካከል የገባው የሰላምና አንድነት ጉባኤ ነበር። ካህናትና ምእመናን ያሉበት፣ ስድቡን ከሁለቱም ወገን እየተቀበለ የደከመ ጉባኤ ነው። ልዑካኑ አብረው ጸለዩ፣ ተነጋገሩ፣ እንደገና ለመገናኘት ተስማምተው ተለያዩ። የስደቱ ወገን አቡነ መርቆሬዎስ ወደ መንበራቸው ይመለሱ አለ። የአገር ቤቱ ወገን በክብር ይግቡና ይቀመጡ፣ መንበሩ ግን አይመለስም አለ። ልዩነቱ ይኸው ነበር። ከባድ ነው፤ የማይታረቅ ግን አልነበረም፤ የማይታረቅ መባሉ ውሸት መሆኑን ኋላ በ2010 የተፈጸመው ዕርቅ አሳይቶናል። አዲስ አበባ ላይ ግን የምርጫው ዝግጅት ይፋጠን ጀመር። በጥር ወር ቅዱስ ሲኖዶስ ምርጫው እንዲቀጥል ወሰነ። ዕርቁ ይቅደም የሚሉ አባቶች በሲኖዶሱ ውስጥም ነበሩ፤ ድምፃቸው አነሰ። በየካቲት ከ806 መራጮች 500ዎቹ ለአቡነ ማትያስ ድምፅ ሰጡ። አዲሱ ፓትርያርክ ያጠፉት ነገር የለም፤ ተመርጠው ተሾሙ። የተከፈተው በር ግን በዚያው ቀን ተዘጋ።

እዚህ ላይ ነው እኛን ምእመናንን የምጠይቀው። ከእነዚያ መራጮች መካከል ከየሀገረ ስብከቱ የመጡ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነበሩ። ማን ላካቸው? ምን ብላችሁ ድምፅ ስጡ ተባሉ? በስንት አጥቢያ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ተወካዩን «ዕርቁ ሳይቋጭ እጅህን እንዳታነሣ» አለው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በአጥቢያችን ስለ ምንጣፍና ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ ሦስት ሰዓት ተከራክረን፣ ስለ ፓትርያርክ ምርጫ ግን «የአባቶች ነገር ነው» ብለን ተነሣን።

የሚያናድደኝ ይህ ዝምታ ትሕትና ተብሎ መወሰዱ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ምእመኑን ታዳሚ ብቻ አላደረገውም። በ1965 በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ምእመኑን ከካህኑና ከወጣቱ ጋር በሰበካ ጉባኤ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። ያንን ጠረጴዛ የሰጡን አባት ሦስት ዓመት ቆይተው በደርግ ታሰሩ፤ እርሳቸው በእስር ቤት በሕይወት እያሉ በ1968 ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ፤ በ1971 ተገደሉ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ያንን ሹመት አልቀበልም ስትል እኛ ዝም አልን። በ1968 ዝም ያለው ምእመን ፈርቶ ነው፤ ዝም ያላለው ጥይት ይጠብቀው ነበርና አልፈርድበትም። በ1984ም ገና ሰው መንግሥት የት እንደቆመ አያውቅም ነበር እንበል። በ2005 ሜሪላንድ ተቀምጦ፣ ደመወዙን ተቀብሎ፣ ስለ አገሩ ፖለቲካ እንዳሻው እየጮኸ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አንድነት ዝም ያለው ሰው ግን ምን ፈርቶ ነው?

ስለ ገለልተኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ለየት ብዬ ልናገር፤ ከሁሉ የሚቆጨኝ የእነርሱ ነገር ነውና። እነዚያን ደብሮች የመሠረተው ምእመኑ ነው። ከሌላ እምነት ሰዎች አዳራሽ በሰዓት ተከራይቶ ቅዳሴ ያስጀመረ፣ ታቦቱ ማደሪያ እስኪያገኝ የተጨነቀ፣ ታክሲ ነድቶ ያገኘውን አሥራት የከፈለ፣ ሌሊት ዶሮ ወጥ ሠርታ እሑድ ለሕንፃ ማሠሪያ የሸጠች እናት፣ እነዚህ ናቸው የገነቧቸው። ቦርዱ የምእመን ነው፤ የባንክ ሒሳቡ የምእመን ነው፤ የቤቱ ዕዳ የተፈረመው በምእመን ስም ነው። ከሁለቱም ወገን ሊቃነ ጳጳሳት እነዚህን ደብሮች ይፈልጓቸው ነበር። በዚያ ስድስት ወር ተኩል ውስጥ ገለልተኞቹ በአንድ ድምፅ «በታረቃችሁ ማግስት ሁላችንም በአንድ ሲኖዶስ ሥር እንገባለን፤ ሳትታረቁ ግን ማንም ደጃችንን አይርገጥ» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ለሁለቱም ወገን ቢልኩ ኖሮ፣ ያ ገጽ ከማንኛውም የሽማግሌ ልመና ይልቅ ይከብድ ነበር። ድምፃቸውን ያሰሙ አልጠፉም። ግን እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ሆነው ጮኹ፤ ለብቻው የሚጮኽ ደግሞ የሚሰማው የለም። ገለልተኛ መሆን መሸጋገሪያ ነው ተብሎ የተጀመረ ነገር ቤት ሆኖ ቀረ። ጠያቂ ጳጳስ የሌለበት፣ ቦርዱ ካህን የሚቀጥርበትና የሚያሰናብትበት ኑሮ ለአንዳንዱ እየተመቸው ሄደ። ይህን መናገር ደስ አይልም፤ እውነት ግን ነው።

የስደቱን ሲኖዶስ የሚከተለው ምእመንም ከዚህ አያመልጥም። አባቶቹን «ሽማግሌው ፓትርያርክ አገራቸው ይግቡልን እንጂ ስለ ሥልጣኑ ልክ አንጣላም» ሊላቸው የሚችል ሌላ ማንም አልነበረም። አላለም። ጉባኤው ዳላስ ላይ ሲቀመጥ ከሁለቱም በኩል ከጀርባ የምንሰጠው ምክር «እንዳትለሳለሱ» የሚል ነበር። ሊታረቁ የተቀመጡ አባቶችን እልህ ያስያዝናቸው እኛ ነን።

በዚያው ዓመት በእኅት ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ማስታወስ አለብኝ። የእስክንድርያው አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ በመጋቢት 2004 ዐረፉ። ግብጽ በአብዮት ማግስት ነበረች፤ ለክርስቲያኖቿ አስፈሪ ዘመን ነበር። ጾምና ጸሎት ታወጀ፤ ከ2,000 በላይ ካህናትና ምእመናን መራጮች ከቀረቡት ሦስት ለዩ፤ ጥቅምት 25 ቀን 2005 ዐይኑ የታሰረ ሕፃን በመሠዊያው ፊት ዕጣ አነሣ፤ ዕጣው የወጣላቸው አቡነ ታዋድሮስ ሆኑ። እነርሱ የተከፈለ ሲኖዶስ አልነበረባቸውም፤ ስለዚህ ሥራቸው ከእኛ ይቀል ነበር። ቢሆንም ምእመኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የት እንደቆመ ያውቅ ነበር። የእኛው በየቡና ቤቱ ማን ይሾም ይሆን እያለ ይወራረድ ነበር።

ከምርጫው በኋላማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ያን ጊዜ ጽሑፉ በዛ፣ ስብሰባው ሞቀ፣ ዕንባው ወረደ።

ዕርቁ በመጨረሻ ሆነ። በሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ ሁለቱ ሲኖዶሶች ታረቁ፤ ውግዘቱ ተነሣ። አቡነ መርቆሬዎስ በ80 ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ። አስታራቂዎቹ ለዓመታት የደከሙበትን ጉዳይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገቡበትና ተፈጸመ፤ ላደረጉት ምስጋና ይገባቸዋል። ልቤን የሚበላኝ ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በመንግሥት ለውጥ የተከፈለች ቤተ ክርስቲያን በሌላ የመንግሥት ለውጥ መታረቋ ነው። ልጆቿ ሊያስታርቋት ይችሉ ነበር፤ ታሪክ ሲጻፍ ግን የልጆቿ ስም አይገኝም። ሁለተኛው የስምምነቱ ይዘት ነው። ሁለቱም ፓትርያርክ ይባሉ፣ ሁለቱም ስም በቅዳሴ ይጠራ፣ አንዱ በጸሎትና በቡራኬ ይቀመጡ፣ ሌላው አስተዳደሩን ይምሩ ተባለ። ሁለት ፓትርያርክ በአንድ መንበር! ይህን ያህል ከባድ ነገር በ2010 ከተቻለ፣ መንበሩ ባዶ በነበረበት በ2005 ቀላሉ እንዴት አቃተን? ያኔ አቡነ መርቆሬዎስን በክብር አስገብቶ፣ አስተዳደሩን በእንደራሴ አስይዞ፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን አባት ሆነው እንዲጨርሱ ማድረግ ይቻል ነበር። ሁለተኛ ፓትርያርክ ገና ስላልተሾመ የሚጎዳ ሰው አልነበረም።

የጠፋው አምስት ዓመት ከግማሽ ነው። በዚያ ውስጥ በባዕድ አገር ተለያይተው የሞቱ ወንድማማቾች አሉ። በእነዚያ ዓመታት ያደጉ፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን የማይረግጡ ልጆች አሉ፤ ወላጆቻቸው ከቅዳሴ መልስ መኪና ውስጥ የሚነጋገሩትን ሰምተው ያደጉ ናቸው። አቡነ መርቆሬዎስ ራሳቸው አገራቸው ከገቡ በኋላ የኖሩት አራት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ በየካቲት 2014 ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ጤናቸው ሳይደክም፣ አንደበታቸው ሳይዝል ልናገኛቸው እንችል ነበር።

ምእመኑ አቅም የለውም እንዳይባል 2015ን አይተናል። በጥር ወር ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ ወሊሶ አጠገብ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾምን ሲሉ፣ ቅዱስ ሲኖዶስ በጾመ ነነዌ ጥቁር ልበሱ አለ። አገሩ ጥቁር ለበሰ። መሥሪያ ቤቱ፣ ገበያው፣ ባሕር ማዶው ሁሉ። ሻሸመኔ ላይ የቤተ ክርስቲያናቸውን ደጅ ሲጠብቁ የሞቱ ምእመናን አሉ። በየካቲት ስምምነት ተደረሰ። ያን ሕዝብ አይቼ ያለቀስኩት በኩራት ብቻ አልነበረም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ከዐሥር ዓመት በፊትም ነበረ፤ ያኔም ይጾም ነበር፤ ያኔም ጥቁር ልብስ ነበረው። ጠላት መጣ ሲባል የሚነሣ ምእመን፣ ወንድማማቾች ይታረቁ ሲባል ለምን አልተነሣም?

መንበሩ ዳግመኛ ባዶ የሚሆንበትን ቀን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ለፓትርያርካችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ያ ቀን ሲመጣ ግን እንደገና «አባቶች ያውቃሉ» ብለን ቤታችን እንዳንገባ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአጥቢያችሁን ሰበካ ጉባኤ አባላት ስም ጠይቁ። ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውም። ጠይቁ፤ ወንበሩ ባዶ ከሆነም ተመረጡና ግቡበት።