እኛ ቀሪዎቹ

እኛ እንደ ነገሩ አለን፡፡

ትምህርት ቤት ሳለን ስም ሲጠራ ያልተገኘ ተማሪ «ቀሪ» ይባል ነበር፡፡ ዘንድሮ ነገሩ ተገለበጠና በቦታችን የተገኘነው እኛ ቀሪ ሆነን አረፍነው፡፡ «እናንተ እስካሁን አልሄዳችሁም?» ይሉናል ጎረቤቶች፣ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው እያዩን፡፡

ጋዜጠኝነት አብረን የተመረቅን አራት ሴቶች አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር፡፡ አንዷን ባለፈው ጥር ቦሌ አድርሰን ወደ ካናዳ ሸኘናት፡፡ ሦስት ቀረን፤ ኪራዩ ግን ያው የአራት ሰው ነው፡፡

ለምን ሄደች ብለን አንጠይቅም፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዜናውን የሠራነው እኛው ነን፡፡ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፡፡ የዘይቱን ዋጋ ዘገብን፣ የታክሲውን ዘገብን፡፡ ስለ ደመወዛችን ግን የሚዘገብ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ባለበት ነዋ!

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን በቻልነው፡፡ ተማሪ ሳለን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 አጥንተናል፤ ቅድመ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው ይላል፡፡ ሥራ ስንገባ የተማርነው ግን ሦስት ግሥ ነው፤ «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «አሳሰቡ»፡፡ ከዚያ ያለፈ ጥያቄ የያዘ ዜና «ትንሽ ይቆየን» ተብሎ አለቃችን ጠረጴዛ ላይ ያድራል፡፡ ይባስ ብሎ አሁን አሁን ማንም ሳይከለክለን ራሳችንን እንከለክላለን፡፡ እናቶቻችን ሲደውሉ ከሰላምታ በፊት «ብቻ ተጠንቀቁ» ነው የሚሉት፡፡

እናላችሁ፣ በቀደም ሦስታችንም የውጭ ነጻ የትምህርት ዕድል ቅጽ ልንሞላ ተቀመጥን፡፡ አንዱ ጥያቄ «ትምህርትዎን ሲጨርሱ ወደ አገርዎ ለምን ይመለሳሉ?» ይላል፡፡ ለማስመሰል ያህል ጀመርነው፡፡ አንድ ሰፈር ውሃ ለወር ጠፍቶ፣ ስንዘግበው በሦስተኛው ቀን መለቀቁን፣ አንዲት እናትም ቆሎ ይዘውልን ቢሮ ድረስ መምጣታቸውን ጻፍን፡፡ (ውሃው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጥፋቱን አልጻፍንም፡፡) ታክሲ ውስጥ ጆሯችንን ጥለን የምንሰማውን አማርኛም ጻፍን፡፡ የእኛ የሥራ ዕቃ እሱ ነው፤ ሰው አገር ሄደን ሰው ሲያሽሟጥጥ በምን እናውቃለን? ገጹ ሞላ፡፡ መልሰን ስናነበው ዝም አልን፤ አንድም ውሸት የለበትም፡፡

ታዲያ ለምን እንሄዳለን? ለዚህም አንድ ገጽ ሙሉ መልስ አለን፡፡ እሱም ውሸት የለበትም፡፡

ጓደኛችን እዚያ አረጋውያን ትንከባከባለች፡፡ ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ የምታነበው የእኛን ዜና ነው፡፡ ባለፈው ሳምንት እንዲህ ብላ ላከችልን፤ «ሐኪም የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው፡፡ እኔ ስሄድ የሚያርም ጠፋ እንዴ?» ሳቅን፤ ትንሽ ቆይቶ አንዳችን አለቀስን፡፡ እውን ከአራታችን ቀሪዋ የትኛዋ ናት?

ቅጹ አልተላከም፣ አልተሰረዘምም፡፡ ነገ ጠዋት ግን 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ አለብን፡፡ ስም ከተጠራ «አቤት» እንላለን፤ ለጊዜው አለን፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡