ዐጻዌ ኆኅት በቴአትር ቤት ደጃፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከመዝሙር ጥናት ተነሥቼ፣ ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ስወጣ ያያችሁኝ አንዳንዶቻችሁ «ዲያቆኑ ምግብ ቤት ተቀጥሮ ይሆን?» እያላችሁ መጠያየቃችሁን ሰምቻለሁ። አልተቀጠርሁም፤ ደመወዝም የለኝም። የምሄደው በዋሽንግተን ዲሲ ዐሥረኛው ጎዳና ላይ ወደሚገኘው ፎርድ ቴአትር ነው። እዚያ በበጎ ፈቃድ አስተናጋጅ ሆኜ አገለግላለሁ። ትኬት አያለሁ፣ ሰውን ወደ ወንበሩ አደርሳለሁ፣ የዕለቱን መርሐ ግብር የያዘውን መጽሔት አድላለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለቴአትር መግቢያ የሚተርፍ ገንዘብ እንደሌለው ታውቃላችሁ፤ የአስተናጋጁ ምንዳ ሥራውን ሲጨርስ ከኋላ ቆሞ ወይም በተረፈ ወንበር ተቀምጦ ትርኢቱን ማየት ነው። በዚህ አገር ብዙ ቴአትር ቤቶችና የሙዚቃ አዳራሾች የሚታገዙት በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነው። አብረውኝ ከሚቆሙት መካከል ጡረታ የወጡ እናቶችና አባቶች ይበዛሉ።

ዲያቆን ቴአትር ቤት ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በቁስጥንጥንያ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ399 ዓ.ም.፣ ቤተ ክርስቲያኑን ትተው ወደ ፈረስ እሽቅድምድምና ወደ ተውኔት ቤት የሄዱትን ምእመናን ምን ያህል አጥብቆ እንደ ገሠጸ የምናውቅ ሰዎች ጥያቄውን በቀላሉ ልናልፈው አንችልም። ስለዚህ ስሜን ከማስመዝገቤ በፊት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ።

«ተውኔቱን ትጫወታለህ?» አሉኝ።

«አይ አባቴ፤ በር ላይ ቆሜ ሰው አስቀምጣለሁ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በጾም ወራት አትሂድ፤ ለቅዳሴ የሚያደክምህን ምሽት አትቀበል፤ የሚታየው ምን እንደ ሆነ ሳታጣራ አትግባ» አሉ። ልሳለም ስጠጋም «ሰው ማስቀመጥ የተማርህ እንደ ሆነ እኛም ደጃፍ አለን» ብለው ጨመሩልኝ። በዚህ ምክንያት ቤቱ በየዓመቱ በገና ሰሞን የሚያሳየውን የቻርለስ ዲክንስን ዝነኛ ታሪክ እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ የእነርሱ ገና የሚውለው በእኛ ጾመ ነቢያት ውስጥ ነውና።

ይህ ሥራ በእኛም ዘንድ ስም ያለው ሥራ ነው። በቤተ መንግሥት አጋፋሪ ነበር፤ ግብር ሲበላ እንግዳውን በየማዕረጉ የሚያስገባ፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ፣ ተራው ያልደረሰውን የሚመልስ። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራው ገብቶ ሲበላ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይቀድማሉ፤ ተራው ወታደርና ሌላው ሕዝብ ይከተላል። ያ ሁሉ ሰው ሳይጋፋና ሳይጣላ ተስተናግዶ የሚወጣው አጋፋሪው ሥራውን ሲያውቅ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዐጻዌ ኆኅት አለ፤ ደጅ ጠባቂ ማለት ነው። ከዲያቆን በታች ከሚቆጠሩት መዓርጋት፣ ከመዘምሩና ከአናጉንስጢሱ ጋር ስሙ ይጠራል። በብሉይ ኪዳን ዘመን አገልግሎቱ ምን ያህል የከበረ እንደ ነበር መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊን ገልጣችሁ ተመልከቱ። በምዕራፍ 9 በየመድረኩ በረኞች ሊሆኑ የተመረጡት 212 ናቸው። በምዕራፍ 23 ደግሞ ንጉሥ ዳዊት 4000 በረኞችን መደበ፤ በዜማ ዕቃ የሚያመሰግኑትም 4000 ነበሩ። የበረኛውና የመዘምሩ ቁጥር እኩል መሆኑን ለመዝሙር ክፍል ወንድሞቼ ስነግራቸው ደስ ያላቸው አልመሰለኝም።

ስለ ቤቱ ጥቂት ልንገራችሁ። ፎርድ ቴአትር የቆመበት ቦታ አስቀድሞ የጸሎት ቤት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1833 የባፕቲስት ማኅበረ ምእመናን ሕንፃ ሆኖ ተሠራ፤ በ1861 ጆን ፎርድ የተባለው ሰው ተከራይቶ ትርኢት ማሳያ አደረገው፤ በ1862 ተቃጠለ፤ በ1863 እንደ ገና ተሠርቶ ተከፈተ። በዚህ አገር ብዙዎቹ አጥቢያዎቻችን የሌሎችን አሮጌ የጸሎት ሕንፃ ገዝተው ታቦት ያስገቡ ናቸው። እኛ በአንዱ አቅጣጫ የሄድንበትን መንገድ ይህ ቤት በተቃራኒው ሄዶበታል።

ዓለም ቤቱን የሚያውቀው ግን ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በተተኮሰባቸው ሌሊት ነው። ዕለቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር 1857 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን። ዓርብ ነበር፤ ያውም ዓርበ ስቅለት። በዚያ ዓመት የምዕራባውያኑና የእኛ ትንሣኤ በአንድ ቀን ውሎ ስለ ነበር የእኛም አባቶች በዚያው ቀን ሲሰግዱ ውለዋል። ፕሬዚዳንቱ በስቅለት ዕለት ቴአትር ቤት መገኘታቸውን በኋላ በስብከታቸው ያነሡ የአገሩ ሰባክያን ነበሩ።

እኔ ግን በር ላይ ስለምቆም ዓይኔ የሚሄደው ወደ በረኞቹ ነው። በዋናው መግቢያ ትኬት ይቀበል የነበረው ጆን ቡኪንግሃም ገዳዩን ጆን ዊልክስ ቡዝን ያውቀዋል። ቡዝ ታዋቂ ተዋናይ ነው፤ በቤቱ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ትኬት አልተጠየቀም። ወደ ክብር ሰገነቱ ሲደርስ ለፕሬዚዳንቱ አገልጋይ ካርድ አሳይቶ እንዳለፈ ይነገራል። የሰገነቱን መተላለፊያ እንዲጠብቅ የተመደበው ፖሊስ ጆን ፓርከር በወንበሩ ላይ አልነበረም። ቡዝ ከገባ በኋላ በሩን ከውስጥ በእንጨት ደግፎ ዘጋው። በዚያች ሌሊት በሩን የዘጋው ገዳዩ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ቡኪንግሃምን ለመውቀስ አልቸኩልም። የታወቀ ፊት ሲመጣ እጅ ራሱ ዝቅ ይላል፤ እኔም በሥራው ስለቆምሁ አውቀዋለሁ። ያ ሰገነት ዛሬም ባንዲራ እንደ ተጋረደበት አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም። ቀን ቀን የሚመጡት የትምህርት ቤት ልጆች ከመድረኩ አስቀድመው እርሱን ነው የሚጠይቁን። ቤቱ ከግድያው በኋላ ተዘግቶ የመንግሥት መዝገብ ቤት ሆነ፤ በ1893 ውስጡ ተደርምሶ 22 ሠራተኞች ሞቱበት። ተመልሶ ቴአትር የታየበት በ1968 ነው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ቀድመን እንደርሳለን፤ ኃላፊዋ የዕለቱን ሁኔታ ትነግረናለች፦ ትርኢቱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ዕረፍቱ መቼ እንደሆነ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ስንት ሰው እንዳለ፣ እሳት ቢነሣ የትኛው ሰው ሕዝቡን በየትኛው በር እንደሚያወጣ። መብራት ሲጠፋ ብርሃኑን ወደ ወለሉ እንጂ ወደ ሰው ፊት አናበራም። ዘግይቶ የመጣ ሰው ምልክት እስኪሰጠን ከእኛ ጋር በር ላይ ይጠብቃል። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው አስቀድሞ በራሱ ተቆጥቶ ይመጣልና ቁጣውን የሚያራግፍበት ይፈልጋል። አንዲት ጡረተኛ መምህርት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የምታደርገውን አየሁ። ስለ ሕጉ ምንም አትነግረውም፤ አጠገቡ ትቆምና እስካሁን በመድረኩ የሆነውን በሹክሹክታ ትተርክለታለች። በሩ ሲከፈት ምንም እንዳላመለጠው ሰው ሆኖ ይገባል።

አዳራሹ ምሰሶዎች አሉት። ከምሰሶ ጀርባ የሚውል ወንበር ዋጋው ይቀንሳል፤ የሚገዛውም አቅሙ ያነሰ ነው። አንድ ቅዳሜ አንዲት አረጋዊት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ከሩቅ ክፍለ ግዛት መጥተው እንዲህ ባለው ስፍራ ተቀመጡ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ አየሁ፤ ትኬታቸው የሚለው ግን ያንኑ ነው። ለኃላፊዋ ነገርኋት። ባዶ የቀሩ ወንበሮችን ቆጠረችና እስከ ዕረፍቱ ድረስ ማንም ካልመጣ አዛውራቸው አለችኝ። አልመጣም። በሁለተኛው ክፍል መሀል አዳራሽ ተቀምጠው ሲያዩ፣ እኔ ትርኢቱን ትቼ እርሳቸውን ነበር የማየው። ብዙ አስተናጋጆች ይህንኑ ይነግሯችኋል፤ አንድ ተውኔት ደጋግሞ ከታየ በኋላ ሰው የሚመለከተው ተመልካቹን ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከዚህ ጥቂት መንገድ ርቆ ናሽናል ቴአትር አለ። ጥቁር ሕዝብን አዳራሹ ውስጥ ከነጭ እኩል አላስቀምጥም በማለቱ ተዋንያኑ አንጫወትም አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ተውኔት ማሳየቱን ትቶ ፊልም ቤት እስከ መሆን ደረሰ፤ በሩን ለሁሉም ከፍቶ ወደ ተውኔት የተመለሰው በ1952 ነው። በዚያ ዘመን በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ ከትኬቱ አስቀድሞ የሚያየው የሰውን ቆዳ ነበር።

ይህን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ የገጠመኝን አልረሳውም። ጠና ያሉ፣ ኮት የለበሱ ሰው ትኬታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከደጃፉ ራቅ ብለው ቆመዋል። ሰው ሁሉ ገብቶ ሲያልቅ ጠጋ አልሁና፣ በመልካቸው አውቄ፣ በአማርኛ ሰላም አልኋቸው። ደነገጡ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ። ትኬቱን ልጃቸው ገዝታላቸው ነው። ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሰፈር መኪና ማቆሚያ ሠርተዋል፤ ወደ ውስጥ ግን ገብተው አያውቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ የእኛ መግቢያ በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

«ይኸው ነው አባባ፤ ሌላ በር የለውም» አልኋቸውና ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የሚናገረው ስለዚሁ ደጃፍ ነው። የወርቅ ቀለበት ያደረገና ያማረ ልብስ የለበሰ ሰው ወደ ጉባኤ ይገባል፤ እድፋም ልብስ የለበሰ ድኻም ይገባል፤ አንዱ በክብር ስፍራ ይቀመጣል፣ ሌላው ቁም ወይም ከእግሬ በታች ተቀመጥ ይባላል። ይህን በተማርሁበት ጊዜ ስለ ባለጸጎች የተጻፈ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳነበው ቦታ ለሚያሳየው ሰው የተጻፈ ሆኖ ይታየኛል። ዲድስቅልያም ዲያቆናትን በዚሁ ሥራ ላይ ያቆማል። እንግዳ ሲመጣ ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቁት፤ በዚህ ዓለም የከበረ ሰው ቢገባ ጳጳሱ ትምህርቱን አያቋርጥ፤ ድኻ ወይም አረጋዊ ቢመጣና ቦታ ቢጠፋ ግን ዲያቆኑ በሙሉ ልቡ ቦታ ይፈልግለት ይላል። የሴቶችን መግቢያ ለዲያቆናውያት ይሰጣል። አጋፋሪ በማዕረግ ያስቀምጣል፤ ቴአትር ቤቱ በትኬት ያስቀምጣል፤ በዲድስቅልያ ያለው ዲያቆን የሚያስቀምጠው ግን ሰውየው በሚያስፈልገው መጠን ነው። ከሦስቱ የሚበልጠውን ሥርዓት የያዝነው እኛ ነን። በር ላይ ግን ሰው የለንም።

እኔ በቅዳሴ የተቀመጡት እንዲነሡ አዋጅ የምናገር ዲያቆን ነኝ። ያ ሲሆን ከመቅደስ ሆኜ ሕዝቡን አያለሁ። በኋላ በኩል በሩ ይከፈታል፤ ሕፃን የታቀፈች እኅት ትገባለች፤ ጫማዋን የት እንደምታኖር ግራ ይገባታል፤ ነጠላ አልያዘችም፤ በቀኝ ይሁን በግራ የሴቶቹ ወገን አታውቅም። የሚዞሩት ዓይኖች ብዙ ናቸው፤ የሚነሣ ግን አይኖርም። አንዳንዴም ቆይታ ትወጣለች። ከዚህ በኋላ ተመልሳ መምጣቷን የሚያውቅ የለም፤ ስሟን የጠየቀ አልነበረምና።

ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» ብቻ ነው ያሉኝ። እኔ በቅዳሴ ሰዓት መቅደስ ስለሆንሁ በር ላይ ልቆም አልችልም፤ ማሠልጠን ግን እችላለሁ። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ሦስት እኅቶችና አንድ ወንድም ተመዝግበዋል። ለደብራችን ዓመታዊ በዓል በሁለቱም በሮች ሁለት ሁለት ሰው፣ በሌሊቱም በቀኑም ተራ፣ በጠቅላላው ስምንት ያስፈልገናል። ትርፍ ነጠላዎችን የምታዋጡ እናቶች በጽሕፈት ቤቱ አኑሩልን፤ የጫማውን መደርደሪያ ወንድሞች ዓርብ ማታ ያስተካክሉታል። ለሌሊቱ የሚሆነውን የእጅ ባትሪ እኔ አመጣለሁ። ብርሃኑን ወደ ወለሉ ማብራት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር